ከድልድዩ ከወረድን በኋላስ?

ስለ አዲሱ የዓባይ ድልድይ የጻፋችሁት ጥሩ ነው፤ ግን ወሬው ሁሉ ስለ 380 ሜትር ርዝመቱና ስለ ስድስቱ የመኪና መስመር ሆነ። ለባሕር ዳር ሰው ትልቁ ነገር ከግራና ከቀኝ ለእግረኛና ለብስክሌት የተተወው ቦታ ነው። በአሮጌው ድልድይ በብስክሌት ስንሻገር ከኋላ የጭነት መኪና ጡሩንባ ሲያምባርቅ መሪያችንን አጥብቀን ይዘን ወደ ዳር መለጠፍ ነበር፤ ሽንኩርት የጫነ ብስክሌት ከሆነማ አይወራ! ግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ እፎይ ብለናል። አሁን ያስቸገረን ፎቶ ተነሺው ነው፤ ሰርገኛው ከነሚዜው መስመሩን ዘግቶ ይቆማል። (በአሮጌው ላይ ካሜራ ማውጣትም ክልክል ነበር፣ አልፈርድባቸውም።) ይልቅ የሚመለከተው አካል ይንገረን፦ ከድልድዩ ወርደን ወደ ገበያ ስንሄድ ብስክሌተኛው ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ሊቀጥል ነው? ቀለም ቀብቶ መስመር መለየት ያን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም።