ከካፖርቱ ሥር ምን ለብሰዋል?

በጣም የጋለ ካውያ ፖሊስተር ሸሚዝ ላይ አስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ደርሶብኛል። ጨርቁ መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ ካውያውን ስታነሱት ደግሞ እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ አብሮ ይነሳል። ሸሚዙን ጣልኩት፣ ካውያውን ስፍቅ ዋልኩ። አሁን ያ ጨርቅ ያለው የሰው ጀርባ ላይ ነው ብላችሁ አስቡት።

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ያ ወፍራም ካፖርት፣ ሄልሜቱና የአየር ሲሊንደሩ ነው። እኔ ማውራት የፈለግኩት ከሥሩ ስላለው ነው። ሠራተኛው ተረኛ ሆኖ ጣቢያ ሲገባ የሚለብሰው፣ ምሳ የሚበላበት፣ መኪና የሚያጥብበት፣ አንዳንዴም ጋደም የሚልበት ሸሚዝና ሱሪ፤ ደወሉ ሲጮኽ ደግሞ ለመቀየር ጊዜ ስለሌለ ካፖርቱን ከላዩ ደርቦ የሚሮጥበት ልብስ። ይህ ዩኒፎርም ሲገዛ የሚታየው ብዙ ጊዜ መልኩ ነው። ቀለሙ እንዳይለቅ፣ እንዳይጨማደድ፣ ዋጋውም እንዳይከብድ። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የሚያሟላው ደግሞ ያው ፖሊስተር ነው፣ ወይም 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ የሆነው ድብልቅ።

ፖሊስተር 250 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ትንሽ ሲሄድ ይቀልጣል። ናይለንም እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 260 ባለው መካከል ነው። «ላዩ ላይ ካፖርት አለ አይደል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ አለ። እንዲያውም ልጨምርላችሁ፦ ቆዳ 55 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውሃ ይቋጥራል፣ 72 ላይ ወዲያው ይሞታል፤ ስለዚህ ከካፖርቱ ሥር ፖሊስተር ከቀለጠ ሰውየው ቀድሞውኑ ተቃጥሏል ማለት ነው። ግን ተቃጥሎ መትረፍና የቀለጠ ፕላስቲክ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ መትረፍ አንድ አይደሉም። የቀለጠው ነገር ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል፣ ሲነሳም ቆዳውን ይዞ ነው። ደግሞስ ካፖርቱ ሁልጊዜ መቼ ይለበሳል? የመኪና አደጋ አለ፣ የሕክምና ጥሪ አለ፣ ሙቀት ያንገበገበው ሰው ካፖርቱን ጣል አድርጎ ቱቦ የሚጠቀልልበት ሰዓት አለ።

ወታደሮች ይህንን አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ኢራቅ ውስጥ ከካምፕ ውጭ የሚሰማሩ ወታደሮቹ ፖሊስተርና ናይለን የስፖርት ቲሸርት እንዳይለብሱ ከልክሏል። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ፍንዳታ ሲኖር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል።

ድብልቁ «ግማሹ ጥጥ ስለሆነ ይሻላል» ይባላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ችግሩ፣ ጥጡ ስለማይቀልጥ ልክ እንደ ኩራዝ ክር ሆኖ የቀለጠውን ፖሊስተር ይዞ ያነደዋል። ብቻውን ቢሆን ፖሊስተሩ ተንጠባጥቦ ከእሳቱ ሊርቅ ይችል ነበር፤ ጥጡ ግን አይለቀውም።

ለጣቢያ ልብስ የወጣ ደረጃ የለም እንዳይባል፣ አለ። በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው የአሜሪካው የእሳት መከላከል ማኅበር ያወጣው ኤንኤፍፒኤ 1975 ነው (1975 የደረጃው ቁጥር ነው፣ ዓመተ ምሕረት እንዳይመስላችሁ፤ አሁን ኤንኤፍፒኤ 1970 በተባለው ውስጥ ተጠቃሏል)። ዋናው ነገሩ ጨርቁ በሙቀት እንዳይቀልጥና እንዳይንጠባጠብ ነበር። ነበልባል መቋቋም ግን በዚህ ደረጃ አማራጭ ነበር፣ ግዴታ አልነበረም። ሸሚዙ ላይ «ደረጃውን ያሟላል» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ እሳት አይዘውም ብሎ ያመነ ሰው ተሸውዷል ባልልም፣ ትንሿን ጽሑፍ አላነበበም።

እንግዲያው ሁሉንም እሳት በሚከላከል ኬሚካል እንንከረው? እዚህ ላይ ነው ከብዙዎች የምለየው። ይህ ልብስ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴ 24 ሰዓት፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆዳ ላይ የሚውል ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 የልጆች ፒጃማ ላይ ይደረግ የነበረውን ትሪስ የተባለ የእሳት መከላከያ ኬሚካል ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለተሰጋ ከልክላለች። ዛሬ ደግሞ ውሃና ዘይት እንዳይዝ ተብሎ ጨርቅ ላይ የሚቀባው ፒፋስ የተባለ የኬሚካሎች ቤተሰብ አለ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን ራሱን ካንሰር ከሚያመጡት አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሰዎቹ ከጭሱ የሚወስዱት አንሶ፣ ሸሚዙ ላይ ሻይ ቢፈስ ነጠብጣብ እንዳይታይ ብለን ሌላ እንጨምርላቸው?

የእኔ ምርጫ ቀላል ነው። ቆዳ የሚነካው ጨርቅ በተፈጥሮው የማይቀልጥ ይሁን። ጥጥ፣ ሱፍ፣ አቅም ካለ ደግሞ እንደ ኖሜክስ ያለ አራሚድ የሚባል ሙቀት የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ክር፤ እሱ ቢጋል ይከስላል እንጂ አይቀልጥም፣ መከላከያውም ከክሩ ነው እንጂ የተቀባ አይደለም። ጥጥ እንከን የለውም አልልም። ላብ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ነበልባል በቀጥታ ካገኘው ይነዳል። ቢሆንም ቆዳ ላይ አይጣበቅም። ከሸሚዙ ሥር ያለውንም አትርሱ፤ ኖሜክስ ሸሚዝ ለብሶ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ የስፖርት ቲሸርት ያደረገ ሰው የገዛውን ነገር ግማሹን ጥሎታል።

ግዢ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ከናሙናው ስፌት ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቁረጡና ክፍት ቦታ ላይ፣ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ክብሪት አስነኩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ፖሊስተር ግን ተኮማትሮ ጥቁር ጠጣር ዶቃ ይሠራል። ይህ ላቦራቶሪን አይተካም፣ «ንጹሕ ጥጥ ነው» የሚላችሁን ሻጭ ለመፈተን ግን ይበቃል። ዶቃዋን ካያችሁ ናሙናውን መልሱለት።