«የየት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ምስጋና

ዛሬ ማመስገን አምሮኛል። የማመሰግነውም ስንቱ ሲወቅሰው የኖረውን የአገሬን ሸማች ነው። በየመድረኩ «የአገር ውስጥ ምርት እንጠቀም» ተባለ፤ አልሰማም። ባነር ተሰቀለ፤ ቀና ብሎም አላየው። እንዲህ ያለ ጽናት በሌላው ነገራችን ቢኖረን የት በደረስን ነበር!

ጽናቱን ለማየት መርካቶ ጎራ ማለት ይበቃል። ሸማቹ ጫማ ያነሳል። ቁጥሩን አይጠይቅም። ዋጋውም ይቆየው። «የየት ነው?» ይላል። ሻጩ «የቱርክ» ካለው ፊቱ ይፈካል። «የጣሊያን» ካለው ጫማውን በሁለት እጁ ይይዘዋል። «የቻይና» ሲባል ትንሽ ቅር ይለውና «ኦሪጅናል ቻይና ነው ወይስ ተራው?» ብሎ ያጣራል። «የዱባይ ነው» የሚል ሻጭም አይጠፋም። ዱባይ መቼ ጫማ ስትሰፋ ታየች ብላችሁ አትድረቁ። ዋናው ባሕር መሻገሩ ነው። ሻጩ ተሳስቶ «የእኛው ነው» ያለ እንደሆነ ግን ድምፁን ዝቅ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ነው። ሸማቹም ጨዋ ስለሆነ ጫማውን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ምስጋናዬ ቡና የምታፈሉትንም ይመለከታል። የዘንድሮን የቡና ሥነ ሥርዓት ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? መሬት ላይ የተነጠፈው ቄጤማ ፕላስቲክ ነው፤ ከቻይና የመጣ። አይደርቅ፣ አይረግፍ፤ ሲቆሽሽ በውኃ ለቅለቅ ማድረግ ነው። ሲኒው የቻይና ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃውም የቻይና ነው። የአፍይዋ ቀሚስ ላይ እመለስበታለሁ። የአገር ቤት የሆነው ቡናው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለውጭ ገበያ የሚበቃው ወደ ውጭ ስለሚላክ፣ እኛ ዘንድ በብዛት የሚደርሰው ከደረጃ የወረደው ነው። እንግዲህ አስቡት። የቡና መገኛ ነን እያልን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን የምንጠጣው ፈረንጅ ያልፈለገውን ነው። የምንጠጣበት ደግሞ ቻይና የሠራውን ነው። ነፃ ንግድን ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ካለ ይምጣ።

ወደ ቀሚሱ ልመለስ። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲያመላልስ ይውላል። አንድ ጥሩ ጥበብ ቀናት ይፈጃል። የቻይና ማሽን ግን ያንኑ ጥለት ከፎቶ ላይ ገልብጦ ፖሊስተር ላይ ያትመዋል። ጥቅል ሆኖ መርካቶ ይገባል፤ በሜትር ይቆረጣል። ገልበጥ አድርጋችሁ ብታዩት ውስጡ ነጭ ነው። መስቀሉም አበባውም ያለው ከላይ ብቻ ነው። ማን ይገለብጠዋል ታዲያ? ሚዜዎቹ በአንድ ዓይነት ፏ ብለው ይወጣሉ። ፎቶ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ይልቅ ይኼኛው ይደምቃል። ዋሽንግተን ያለችው ዘመዳችንም «የአገሬ ልብስ ናፈቀኝ» ስትል ይኸው ይላክላታል። ከቻይና አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን። ባህላችን እንዲህ ዓለምን ዞሮ አያውቅም።

ቆዳ ላይ ስንደርስ ግን ምስጋናው ብቻውን አይበቃም፤ ማጨብጨብም ሊኖርበት ነው። በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ነን ብለን የምንፎክር ሕዝብ ነን። የደጋው በጋችን ቆዳ ስስም ጠንካራም ስለሆነ የውጭ ጓንት ሠሪዎች ሲፈልጉት ኖረዋል። ያ ሀብታም ጎልፍ ሲመታ እጁ ላይ ያጠለቀው የእኛ በግ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ድሮ በበዓል ጠዋት «ቆዳ ያለው!» እያለ ጆንያ ተሸክሞ የሚዞር ልጅ ነበር። በጉ ተገፍፎ ሳያልቅ በር ላይ ይቆማል። ቆዳውን ዘርግቶ ያገላብጣል። «ቢላ ነክቶታል» ይላል። «የት ላይ? እስቲ አሳየኝ!» ትላለች እናት። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ያሳያል። «ይቺንማ አንተ ነህ የቀደድካት!» ግብግብ ነው። እንዲህ የሚያከራክረው ብሩ የሚያስጨክን ስለነበር ነው፤ የሽንኩርትና የዘይቱን ወጪ ይደጉም ነበር።

አሁን ልጁ ጠፍቷል። በዓሉ ባለፈ ማግሥት ቆዳው ከቆሻሻ ገንዳው ጎን ተጥሎ ውሻ ይጎትተዋል። መንግሥት ጥሬ ቆዳ እንዳይወጣ ከልክሎ፣ በከፊል በለፋውም ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጥሎ «እዚሁ ጫማና ቦርሳ ይሁን» ብሎ ነበር። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ፋብሪካው ግን ቆዳውን ለማልፋት ኬሚካል ይፈልጋል። ኬሚካሉ ዶላር ይፈልጋል። ዶላሩ ወረፋ አለው። ቆዳ ደግሞ ወረፋ አይችልም፤ ይሸታል። በዚህ መሐል እኛ ምን አደረግን? በጉን በላን። ቆዳውን ጣልን። ከዚያ ወጥተን የፕላስቲክ ጫማ ገዛን። «ሌዘር ነው?» ብለን ጠየቅን። ሻጩ ላይተር አውጥቶ ለኮስ አድርጎ አሳየን። አልነደደም። አመንን። ክረምቱ ሲገባ ተላላጠ።

ዳያስፖራ ዘመዶቻችንንም አልረሳም። 23፣ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ሞልተው የሚመጡት እነሱ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ሸሚዝ አመጣልኝ። ሸሚዙ ቤተሰቡ መሐል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ስፌቱን እዩት!» «የእነሱ ነገር እኮ!» ተባለ። አንገቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበበችው ትንሿ የእህቴ ልጅ ናት። «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ ይላል» አለች። አክስቴ ሸሚዙን ተቀብለው መነፅራቸውን አደረጉና አዩት። «ውይ ልጄን፣ አታለሉት!» አሉ።

ማንም አላታለለውም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የዓለም ታላላቅ የልብስ ብራንዶች ሊያሰፉበት ነበር፤ አሰፉበትም። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች በወር 26 ዶላር ግድም በሆነ መነሻ ደመወዝ ማሽን ላይ ተቀመጡ። በጊዜው ያጠኑ ሰዎች ይህ በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ነው ብለው ጻፉ። በርካሽነትም ቢሆን አንደኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ሸሚዙ አጎዋ በሚባለው አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በሰጠችው የገበያ ዕድል ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ ይገባል፤ ከዚያ በዘመድ ሻንጣ ተመልሶ ይመጣና አክስቴ ቤት ይመሰገናል። ይህ ሁሉ ደስታ ብዙ አልቆየም። በጦርነቱ ምክንያት አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ኅዳር 2014 ላይ ለቅቄያለሁ አለ። አሜሪካም ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ከአጎዋ አስወጣችን። በሩ የተከፈተው ከዚያ በኩል ነበር፤ የተዘጋውም ከዚያ በኩል ነው። ማሽኑን ትተው የሄዱት ልጆች የሰፉትን ሸሚዝ ገዝተው ለብሰውት ያውቁ ይሆን? አይመስለኝም።

ፋብሪካ ድሮም አልነበረንም አይባልም። ድሬዳዋ፣ አቃቂ፣ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ነበራቸው። የባሕር ዳሩ የተሠራው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው። የአያቶቻችን ደም አቡጀዲ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። የልጅ ልጆቻቸው አቡጀዲን ፋራ አደረጉትና ሰልባጅ ለበሱ። ሰልባጅ አገር ውስጥ ማስገባት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ታውቁ ይሆናል። ባታውቁም አይፈረድባችሁም፤ ቦንዳው የሚፈታው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው ተጋፍቶ ይመርጣል። ከገዛው ኮት ኪስ ውስጥ የማያውቀው ሰው የባቡር ትኬት ያገኛል። ሩዋንዳ ሰልባጅ ላይ ቀረጥ ቆልላ የራሴን ልብስ እሰፋለሁ ስትል፣ አሜሪካ በ2010 የልብሷን የአጎዋ ዕድል አገደችባት። እኛ ብልሆች ነን። በወረቀት እንከለክላለን፤ በኮንትሮባንድ እናስገባለን። ማንም አይቀየምም።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ዶላር እንዳይገቡ አገደ። ሽቶና ውስኪ ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ጠፉ? ኧረ የት ጠፍተው! ዋጋቸው ጨመረ እንጂ። ሸማቹም በተወደዱ ቁጥር ይበልጥ ወደዳቸው። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅ ዕገዳው ተነሣ፤ እነሱም ጥለውት ወዳልሄዱት አገር ተመለሱ።

አምራቾቻችንንም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ሸማቹን በዚህ ሁሉ ስናሞግሰው እነሱ ያገዙትን መርሳት አይገባም። ክብሪቱ ሲጫር አናቱ ይበርራል። ሳሙናው አረፋ የለውም፤ አረፋ ካለው ደግሞ እጅ ይልጣል። የሸሚዙ ቁልፍ በመጀመሪያው እጥበት ይሰናበታል። ዋጋው ግን ከውጭው እኩል ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣል። «ለምን?» ሲሏቸው «ክሩም ቁልፉም በዶላር ነው የሚመጣው፤ መብራት ይጠፋል፤ መለዋወጫ የለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ላይ ሽሙጤን ትንሽ ልግታው፤ ሸማቹም ቢሆን ደመወዙ አንድ ጫማ ብቻ የሚገዛለት ሰው ነው፤ ዕድሉን መሞከሪያ የለውም። በቃ፣ ገታሁት። ልቀጥል።

ሹሞቻችንስ? «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚባለው ንቅናቄ በ2014 ሲጀመር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የየኤግዚቢሽኑን መክፈቻ በቴሌቪዥን ሳላይ አላድርም። ሪባን የሚቆርጡት ክቡርነታቸው ሱፋቸው የቱርክ፣ መቀሱ የቻይና፣ በር ላይ የሚጠብቃቸው መኪና የጃፓን ነው። የአገር ውስጥ የሆነው ንግግራቸው ነው። እሱን ማንም ከእኛ የተሻለ አያመርተውም፤ ወደ ውጭ መላክ ብንችል ኖሮ የዶላር ጥያቄ ተመልሶ ነበር።

ከእንግዲህም የሚያሰጋን ነገር የለም። የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣናን ስምምነት መጋቢት 2010 ኪጋሊ ላይ ፈርመናል፤ በዓመቱ ፓርላማ አጽድቆታል። የዓለም ንግድ ድርጅትንም ደጅ ከ1995 ጀምሮ ስንጠና ቆይተናል። «ገበያው ሲከፈት የምንሸጠው ምን አለን?» ብለው የሚጨነቁ የኢኮኖሚ ምሁራን አሉ። አይዟችሁ በሏቸው። ንግድ ሻጭ ብቻ አይደለም፤ ገዢም ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ገዢነቱን ተክነንበታል። የግብፅ ሳሙና ይምጣ፣ የኬንያ ብስኩት ይምጣ። ሱቅ ደርሰን «የየት ነው?» ብለን «የናይሮቢ» ስንባል ፊታችን እንዴት እንደሚፈካ አሁን ሆኜ ይታየኛል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የገባው አንድ የማውቀው ጫማ ሠሪ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ቆዳውን ከሞጆ ያመጣል። ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይሰፋል፣ ሶሉን ራሱ ይለጥፋል። ሲጨርስ መሳቢያውን ይከፍትና በወርቃማ ፊደል «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚል ምልክት አውጥቶ ውስጡ ላይ ይለጥፋል። «ይኼ ከሌለበት በግማሽ ዋጋም አይነሳ» አለኝ። ምልክቱን ከየት እንደሚያመጣው ጠየቅሁት። ጥቅል ጥቅሉን ከቻይና ነው የሚያስመጣው፤ በዶላር። እዚሁ ማተሚያ ቤት ቢያሳትመው አይረክስለትም ወይ አልኩት።

«ሞክሬው ነበር» አለኝ፣ ሶሉን በመዶሻ እየመታ። «የአገር ውስጡ ይለቃል፤ ጥራት የለውም።»