የካሜራውን ትልቅ ቁጥር ትታችሁ ከግርጌው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ

ለቪዲዮ የሚሆን ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ጥያቄውን የሚጀምረው ከአንድ ቁጥር ነው። «ይሄኛው 4ኬ ነው፣ ያኛው 6ኬ፣ ሌላው ደግሞ 8ኬ አለው። የቱ ይሻላል?» ይለኛል። ኬ የምስሉን ስፋት በግምት በሺህ ፒክስል (የምስል ነጥብ) የሚናገር ቁጥር ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ግን ከዚያ ቁጥር መነሳት አያዋጣም ባይ ነኝ። ሁለት ካሜራዎች እኩል «4ኬ 60» (4ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል) ተብሎ ይጻፍባቸዋል። አንዱ ሥራችሁን በሰላም ያስጨርሳችኋል፣ ሌላው መሃል ላይ ይከዳችኋል። ልዩነታቸው ያለው አምራቹ ከሚያወጣው የካሜራው መግለጫ ሠንጠረዥ ግርጌ በደቃቅ ፊደል በተጻፈው ማሳሰቢያ ውስጥ ነው። ማወዳደር ከዚያ ነው መጀመር ያለበት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላስታውስ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ2008 ካነን 5ዲ ማርክ 2 የተባለውን የፎቶ ካሜራውን ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ጨምሮበት አወጣ። ትልቅ ሴንሰርን (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገውን ክፍል) እና የፎቶ ሌንስን ተጠቅሞ፣ ከሰውየው ጀርባ ያለው ደብዘዝ ያለበትን የሲኒማ ዓይነት ምስል መቅረጽ ለብዙ ሰው የተከፈተው ያኔ ነው። ችግሩ፣ ቪዲዮ ሲቀረጽ ውስጥ ያለው መስታወት ወደ ላይ ስለሚነሳ በዓይን ማያው ምንም አይታይም። በዚያው ዓመት ፓናሶኒክ መስታወቱን ጨርሶ ያወጣውን ጂ1ን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ጂ1 ቪዲዮ አልነበረውም፤ ቪዲዮው በቀጣዩ ዓመት በጂኤች1 ተከተለ። በ2014 ደግሞ የዚያው ኩባንያ ጂኤች4፣ 4ኬን በራሱ ካርድ ላይ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ሚረርለስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የኬ ፉክክሩ አልቆመም።

ደቃቁ ፊደል ከሚነግረን ነገር አንደኛው ሙቀት ነው። ካነን አር5 በ2020 ሲመጣ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። 8ኬ በእጅ በምትያዝ የፎቶ ካሜራ! ኩባንያው ራሱ ግን የጊዜ ገደብ የያዘ ሠንጠረዥ አብሮ አውጥቷል። የአካባቢው ሙቀት 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ 8ኬ የሚቀረጸው ለ20 ደቂቃ ያህል ነው ይላል። 4ኬ በ120 ፍሬም ደግሞ ለ15 ደቂቃ። 23 ዲግሪ ማለት ነፋሻማና ጥላ ያለው ክፍል ነው። ፀሐይ ላይ ስትወጡ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ለምን ይሞቃል? 8ኬ አንድ ፍሬም ብቻውን 33 ሚሊዮን ፒክስል ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ስትቀርጹ ሴንሰሩ በየሰከንዱ ወደ 1 ቢሊዮን ፒክስል ያነባል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ያን ሁሉ እዚያው ጨምቆ ካርዱ ላይ ይጽፋል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው አቧራና ውሃ እንዳይገባ ተብሎ በተደፈነ ትንሽ አካል ውስጥ ነው። ሙቀቱ መውጫ የለውም። አንዴ ከሞቀ ደግሞ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው፤ መድረክ ላይ ያለው ተናጋሪ ግን እናንተን አይጠብቅም። ካነን ራሱ በ2022 አር5 ሲን ሲያወጣ ማራገቢያ ገጠመለት። ለእኔ ያ ማራገቢያ ከ8ኬው የበለጠ ዜና ነበር። ካሜራን ለቃለ መጠይቅ፣ ለስብሰባ፣ ለመድረክ ሥራ የምትገዙ ከሆነ «ማራገቢያ አለው ወይ?» የሚለው ከ«ስንት ኬ ነው?» መቅደም አለበት። ሶኒ ኤፍኤክስ3 እና ኤፍኤክስ30 አላቸው። ፓናሶኒክ ኤስ5 ማርክ 2ም አለው። ፉጂፊልም ኤክስ-ኤች2ኤስ ለብቻው ተገዝቶ ከጀርባ የሚገጠም አለው። ያገለገለ ካሜራ የምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ የቆዩ ሞዴሎች ሙቀት ባይኖርም 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ በራሳቸው ያቆማሉ። ምክንያቱ የአውሮፓ ቀረጥ ነው፤ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ይከፈልበት ነበር።

ሁለተኛው ቢት ነው። ስለ ምስል ጥራት ከተነሳ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የለም። 8 ቢት ቪዲዮ ለቀዩ፣ ለአረንጓዴውና ለሰማያዊው ለእያንዳንዳቸው 256 ደረጃ ይሰጣል። 10 ቢት 1024 ይሰጣል። ሦስቱ ሲባዙ ከ16.7 ሚሊዮን ቀለም ተነስተን ከ1 ቢሊዮን በላይ እንደርሳለን። ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ልዩነት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ሰማይ በ8 ቢት ሎግ (ምንነቱን ከታች እነግራችኋለሁ) ቅረጹና ኤዲት ስታደርጉ ትንሽ ኮንትራስት ጨምሩበት። ከብርቱካናማ ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ መሸጋገር የነበረበት ሰማይ በመስመር በመስመር ይከፋፈላል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ፊት ላይም ያው ነው። ብርሃን ካረፈበት ጉንጭ ወደ ጥላው ጎን ሲሄድ ቆዳው ለስላሳ መሆኑ ቀርቶ እዚህም እዚያም ይጠቋቆራል። አንዴ 8 ቢት ሆኖ የተቀረጸውን ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም፤ መጀመሪያውኑ ካርዱ ላይ አልተጻፈም።

ሎግ የሚባለው ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሎግ በጣም ብሩሁንና በጣም ጨለማውን አንድ ላይ ለመያዝ ምስሉን አፍዝዞ ነው የሚቀርጸው። በኋላ ከለር ሲደረግ (ቀለሙ ሲስተካከል) ይዘረጋል። ሲዘረጋ የሚበቃ ደረጃ ከሌለ ይቀደዳል። ስለዚህ «ሎግ አለው» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ በ10 ቢት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፓናሶኒክ ጂኤች5 በ2017 10 ቢት 4፡2፡2ን (ከተለመደው የበለጠ የቀለም መረጃ የሚይዘውን) በካርዱ ላይ ይቀርጽ ነበር። በ2018 የመጣው ሶኒ ኤ7 3 ሎግ አለው፣ ሴንሰሩም በጣም ትልቅ ነው፣ ቪዲዮው ግን 8 ቢት ነው። በጨለማ ሶኒው ይበልጠዋል። ጥሩ ብርሃን ባለበትና ከለር በሚደረግ ሥራ ግን በዕድሜ የሚቀድመውን ጂኤች5 እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ክሮፕ ነው፤ ይሄ ቶሎ ያልቃል። አንዳንድ ካሜራ ከ30 ወደ 60 ፍሬም ስታሳድጉት የሴንሰሩን ጠርዝ ትቶ መሃሉን ብቻ ይጠቀማል። ሶኒ ኤ7 4 እና ፓናሶኒክ ኤስ5 ማርክ 2 ሁለቱም በ4ኬ 60 እንዲህ ያደርጋሉ። 24 ሚሊሜትር ሌንሳችሁ እይታው ጠብቦ 36 ሆኖ ቁጭ ይላል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ከጀርባችሁ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ካነን አር6 ማርክ 2 በዚያው 4ኬ 60 የሴንሰሩን ሙሉ ስፋት ይጠቀማል። በዚህ ይበልጣቸዋል፤ ማራገቢያ ስለሌለው ግን ረጅም ቀረጻ ላይ ይሞቃል።

ሮሊንግ ሹተር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሠንጠረዡ ላይ ጨርሶ ስለማይጻፍ። የአብዛኛው ካሜራ ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነበውም። ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ወደ ታች ይወርዳል። ታች እስኪደርስ የሚቀረጸው ነገር ቦታውን ይቀይራል። ካሜራውን ፈጠን አድርጋችሁ ወደ ጎን ስታዞሩ የበሩ መቃን የሚያጋድለው ለዚህ ነው። በእጅ ይዛችሁ ስትሮጡ ምስሉ እንደ ጄሊ የሚርገፈገፈውም ለዚሁ ነው። በተለካው መሠረት ሶኒ ኤ7ኤስ 3 ሴንሰሩን በ9 ሚሊሰከንድ ገደማ ያነባል። የቅርብ ዘመዱ ኤ7 4 በሙሉ ስፋት 27 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። በሰከንድ 24 ፍሬም ስትቀርጹ የአንድ ፍሬም ዕድሜ 42 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ኤ7 4 ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩን በማንበብ ያሳልፋል ማለት ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ተክላችሁ ቃለ መጠይቅ ለምትሠሩ ጉዳዩ ላያሳስባችሁ ይችላል። ስፖርት፣ ዳንስ ወይም የመንገድ ላይ ቀረጻ ለምትሠሩ ግን ሥራ የሚያበላሽ ነገር ነው። የፉጂፊልም ኤክስ-ኤች2ኤስ እና የኒኮን ዜድ8 ስታክድ (በንብርብር የተሠራ) ሴንሰር ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ ያነባል። አምራቾች ይህን ቁጥር ራሳቸው መጻፍ ነበረባቸው። ክብደቱን በግራም የሚነግረን ኩባንያ ይህን የሚደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ሜጋፒክስል ሲበዛ ይሻላል የሚለውም ቪዲዮ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። ኤ7ኤስ 3 ያለው 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። 4ኬ የሚፈልገው 8.3 ሜጋፒክስል ስለሆነ ይበቃዋል። ፒክስሎቹ ጥቂትና ትልልቅ ስለሆኑ ቶሎ ይነበባሉ፣ 4ኬ በ120 ፍሬም ያስቀርጻሉ፣ በጨለማም ይጎብዛሉ። በሎግ ሲቀርጹ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ትብነት) 12800 ላይ ምስሉ ነጠብጣብ የማይበዛበት ሁለተኛ ንጹሕ ደረጃ አለው፤ በሻማ ብርሃን ብቻ የሚቀርጽ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። ኤፍኤክስ3 ይህንኑ ሴንሰር ይዞ በ2021 የወጣ ነው። በ2023 ሲኒማ ቤት የገባ ትልቅ በጀት ያለው የሆሊውድ ፊልም በዚህች ትንሽ ካሜራ ተቀርጿል። 8ኬ አልነበራትም።

ፎከስ ላይ ሶኒና ካነን ለዓመታት ብቻቸውን ነበሩ። ፓናሶኒክ በምስሉ ጥራት የማይታማውን ያህል፣ ፎከሱ ወደፊትና ወደኋላ እያለ ሲፈልግ ስንቱን ጥሩ ሾት አበላሽቷል። በ2023 ኤስ5 ማርክ 2 ላይ ፌዝ ዲቴክት (ፎከሱ ወዴት መሄድ እንዳለበት ቀድሞ የሚለይ ዘዴ) ሲያስገባ ያ ወቀሳ በአብዛኛው ቀረ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው፣ በተለይ ራሱን ለሚቀርጽ፣ አሁንም ካነንና ሶኒ አንድ እርምጃ ይቀድማሉ ብዬ አምናለሁ።

ድምፅን ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ያነሳዋል፤ ተመልካች ግን ቀድሞ የሚሸሸው ከመጥፎ ድምፅ ነው። ኤፍኤክስ3 ትልልቅ የማይክ ገመድ የሚቀበል እጀታ ይዞ ይመጣል። በ2024 የወጣው ፓናሶኒክ ጂኤች7 ደግሞ ለብቻው በሚገዛ ማገናኛ በ32 ቢት ፍሎት ድምፅ ይቀዳል። ሰውየው በሹክሹክታ እያወራ በድንገት ቢጮህ ድምፁ አይቀደድም፤ በኋላ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። ብቻውን ካሜራም ድምፅም ለሚይዝ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚያ ቤት ስትገቡ የሚጠብቃችሁ አለ። በሰከንድ በ100 ሜጋቢት የተቀረጸ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል። በ600 ሜጋቢት ሲሆን 270 ጊጋባይት። ካርዱም፣ ሃርድ ዲስኩም፣ መጠባበቂያ ቅጂውም በዚያው ልክ ያድጋሉ። በኤች.265 (ቪዲዮን በጣም በሚጨምቅ ቅርጸት) 10 ቢት 4፡2፡2 የተቀረጸ ፋይል ደግሞ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ሳለ አቅም የሌለውን ኮምፒውተር ያንበረክካል። ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ናሙና ፋይል አውርዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሞክሩት።

የቱን ልግዛ ለሚለኝ መልሴ ይኸው። ሁሉንም ዓይነት ሥራ ለሚሠራ ሰው ኤስ5 ማርክ 2ን እመርጣለሁ። ማራገቢያ አለው፣ 10 ቢት ነው፣ በእጅ ሲያዝ ይረጋጋል። ሙሉ ሴንሰሩን በ6ኬ ስለሚቀርጽም ከአንድ ሾት ለሰፊ ስክሪንም ለስልክ ቁም ምስልም ትቆርጣላችሁ። ለቪዲዮ ብቻ ከሆነና ፎቶ ካላስፈለገ ኤፍኤክስ30። ዋጋው ከኤፍኤክስ3 ግማሽ በታች ሆኖ ነው የወጣው፤ የምታጡት ሰፊውን ሴንሰርና የጨለማ ብቃቱን ነው። ሥራችሁ ሌሊት ወይም ብርሃን በሌለበት አዳራሽ ከሆነ ግን ኤፍኤክስ3 ወይም ኤ7ኤስ 3 ላይ ያወጣችሁት ገንዘብ አይቆጭም። ፎቶና ቪዲዮ እኩል ለሚሠራ፣ ቀረጻውም አጫጭር ለሆነ፣ አር6 ማርክ 2 አያሳፍርም። 8ኬን የምመክረው ምስሉን እየቆረጠ ለሚያቀርብ ወይም ኢፌክት ለሚሠራ ሰው ብቻ ነው።

ከአካሉ በጀት ላይ ደግሞ ለኤንዲ ፊልተር (ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ለሚቀንስ መስታወት) ቀንሱ። በ24 ፍሬም ስትቀርጹ ሹተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ቀን ላይ ያለ ፊልተር ሌንሱን እስከ ኤፍ16 መዝጋት ሊኖርባችሁ ነው። ያኔ ለትልቅ ሴንሰር የከፈላችሁበት ያ የደበዘዘ ጀርባ አይኖርም። ካሜራውንም ቢቻል ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ቀን ተከራዩት። በትክክል በምትሠሩበት ሞድ፣ በምትሠሩበት ሙቀት፣ ካርዱ እስኪሞላ ሳታጠፉ ቅረጹበት።