«በዚያው አድርጊልኝ» የሚለው እድሳት

ትንሽ ከተማ ውስጥ የኢንሹራንስ ወኪል ስትሆኑ ደንበኛችሁን ለቅሶ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ። ካሳው ሲጎድልበት ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ደመወዝ የለኝም። የምኖረው ከሸጥኩት መድን አረቦን፣ ማለትም ደንበኛው ለመድኑ ከሚከፍለው ገንዘብ፣ በሚታሰብልኝ ኮሚሽን ነው።

መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ብዙ አያስቸግርም። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ስለሆነ ባለመኪናው ራሱ ይመጣል። ጭንቀቱ ያለው የራሱን የመኪናውን ጉዳት ጭምር በሚይዘው ሙሉ ሽፋን ላይ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። እድሳት ሲደርስ ግን፣ መኪናው በስንት ብር ዋጋ ይመዝገብ ስል፣ ብዙ ሰው «ባለፈው ዓመት በስንት ነበር? በዚያው አድርጊልኝ» ይላል። እኔም ደንበኛው ሌላ ወኪል ጋ እንዳይሄድብኝ ፈርቼ እሺ ያልኩባቸው ቀናት አሉ።

አንድ አይሱዙ ያላቸው ጋሼ እንዲህ አሳደሱ። መኪናው ተጋጨ፣ ካሳው ሲሰላ ግማሽ ሆነ። «ልጄ፣ ብሩን ስትቀበዪኝ ግማሽ ነው አላልሽኝም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስሌቱ እኮ ከባድ አይደለም። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ግማሹን ብቻ ነው መድን የገባችሁት፤ ስለዚህ 300 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ የሚታሰብላችሁ 150 ሺህ ነው፣ ከዚያም ላይ ባለቤቱ በውሉ መሠረት የሚችለው ድርሻ ይቀነሳል። ብዙ ሰው «1 ሚሊዮን እስኪሞላ ድረስ ይከፍሉኛል» ብሎ ነው የሚያስበው። ውሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማን ያነበዋል?

አሁን ይህን ስሌት በወረቀት ጽፌ፣ አስረድቼ ነው የማስፈርመው። አረቦኑ ሲጨምር ጥለውኝ የሄዱ አሉ። ያማል፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ግን ይህ በአንድ ወኪል ህሊና ላይ የሚጣል ነገር መሆን የለበትም። ቅርንጫፉም እኔም የምንለካው በዓመቱ በሰበሰብነው አረቦን ብቻ ነው፤ ደንበኛው የገዛውን ነገር አውቆት ይሁን አይሁን የሚጠይቀን የለም። ኩባንያዎቹ እድሳት ቅጹ ላይ በአማርኛ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ መኪናው ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ፣ እና በተመዘገበው ዋጋ ከ100 ብር ጉዳት ስንቱ እንደሚከፈል። ደንበኛው ከሥሩ ይፈርም። ያኔ የትኛውም ወኪል ጋ ቢሄድ የሚሰማው ያንኑ ነው።

እናንተም የመድን ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡና የተመዘገበውን ዋጋ ዛሬ እዩት። ዝቅ ካለ እድሳት እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በመሃልም ልዩነቱን ከፍሎ ማስተካከል ይቻላል።