የስቴት ድንበር ከመሻገራችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ከሌላ ስቴት ልጅ በጉዲፈቻ ስለመውሰድ ያነበብኩት ጽሑፍ ጥሩ ነው። አይሲፒሲ (ICPC) የሚባለውን፣ ልጆች ከስቴት ወደ ስቴት የሚሄዱበትን የስቴቶች ስምምነት ግን በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው።

ስምምነቱ በ50ዎቹም ስቴቶች ሕግ ነው። ልጁ ያለበትም፣ የሚሄድበትም ስቴት ሳይፈቅዱ ይዞ መሻገር አይቻልም። አራስ የሚቀበሉ ወላጆች ፈቃዱ እስኪመጣ ሕፃኑ በተወለደበት ስቴት ይቆያሉ። አንዳንዴ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት። ስለዚህ የመመለሻ ትኬት ቀድማችሁ አትቁረጡ። ከሥራም ሰፋ ያለ ፈቃድ ጠይቁ።

በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ያሉ ልጆች ጉዳይ ደግሞ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የፌዴራል ሕግ ተቀባዩ ስቴት ቤተሰቡን አጥንቶ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርት እንዲያደርግ ያዛል። ቀኑ ካለፈ ዝም አትበሉ። በትሕትና፣ ግን ሳትታክቱ ጠይቁ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ በተኛ ቁጥር የሚጉላላው ልጁ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ የመንግሥት ድጎማ የሚገባው ከሆነ፣ የድጎማው ስምምነት ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ከማጽደቁ በፊት መፈረም አለበት። የሕክምና ሽፋኑ በአዲሱ ስቴት እንዴት እንደሚቀጥልም ያኔውኑ አጣሩ።