የፓንቻንግ ሂሳብና የራሁ ሰዓት

በ2024 ሕንድ ውስጥ ስለ ሂንዱዎቹ የብርሃን በዓል «ዲዋሊ ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ኦክቶበር 31 መብራት ያበሩ ነበሩ፤ ኖቬምበር 1ን የጠበቁም ነበሩ። የሙምባይ አክሲዮን ገበያ በዲዋሊ ለመልካም ዕድል ብሎ የሚከፍታትን የአንድ ሰዓት ግብይት ዓርብ ምሽት አደረጋት። በኮምፒውተር የሚገበያይ ተቋም ለበዓል ሰዓት ሰማይ ማየቱ አንዳንዱን ያስቀዋል። እኔን አላሳቀኝም።

ጣጣው የመጣው ከቲቲ፣ ማለትም ከጨረቃ ዕለት ነው። ዲዋሊ የሚውለው ጨረቃ በምትጠፋበት ቲቲ ነው፤ ቲቲ ደግሞ 24 ሰዓት አይሞላም፣ ወይም ይበልጣል። ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንዱ ያልቃል፦ ስትፈጥን በ19 ሰዓት ገደማ፣ ስታዘግም በ26። የዚያ ዓመቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ዓርብ ምሽት ወጣ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ ነበረው ማለት ነው።

ይህን የሚያሰላው የሂንዱዎች የቀን መቁጠሪያ ፓንቻንግ ይባላል፤ ትርጉሙ «አምስት አካል» ነው። ከቲቲ ሌላ የሳምንቱን ዕለት፣ ጨረቃ ከ27ቱ የከዋክብት ማደሪያዎች ያረፈችበትን፣ ዮጋን (የፀሐይና የጨረቃ ቦታ ተደምሮ የሚሰላውን ክፍል) እና ካራናን (የቲቲን ግማሽ) ይዟል። ዕለቱ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ሰዓቱን ከንጋት ለሚቆጥር አበሻ ይህ እንግዳ አይደለም። እስከዚህ ያለውን አደንቃለሁ፤ ያለ ቴሌስኮፕ የተደረሰበት ሂሳብ ነው።

ነገሩ የሚከብደኝ ሂሳቡ ሰዓትን «ደግ» እና «ክፉ» ማለት ሲጀምር ነው። ራሁ ካላምን፣ ማለትም የራሁን ሰዓት እንይ። ራሁ በግርዶሽ ፀሐይን ይውጣል የሚባለው ጋኔን ነው። ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለው ጊዜ ለስምንት ተከፍሎ አንዱ ለእሱ ይሰጣል፤ በዚያ ሰዓት አዲስ ሥራ አይጀመርም፣ መንገድ አይወጣም። የሰኞ ድርሻው ሁለተኛው ክፍል ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት ወጥታ 12 ሰዓት ብትጠልቅ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1፡30 እስከ 3፡00 ይሆናል።

ብዙዎች በቃላቸው የያዙት፣ በየግድግዳው የሚሰቀለውም ሰንጠረዥ ይህንኑ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ይደግመዋል። የዛሬ የስልክ መተግበሪያዎች በየከተማው ያሰሉታል፤ ግድግዳው ግን አያሰላም። ደልሂ ውስጥ በጃንዋሪ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት አልፎ ነው፤ ስለዚህ የሰኞው ራሁ የሚገባው 2፡30 ገደማ ሲሆን እስከ 3፡50 አካባቢ ይቆያል። ሰንጠረዡን አምኖ 3 ሰዓት እስኪሞላ ቤቱ የቆየ ነጋዴ፣ በራሱ ሕግ ቢሰላ፣ ሱቁን የሚከፍተው ራሁ መሃል ነው።