የ1731 ሊቃውንት

የሰሜን ሸዋ የቤት ሽያጭ ውል እስካሁን አመስጋኝ ማጣቱ ያሳዝናል። ደብረ ብርሃን ይሁን መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና ይሁን ዓለም ከተማ፣ ሥርዓቱ ያው ነው። አንድ ደላላ፣ ሁለት ሦስት ምስክር፣ እጅ ጽሑፉ የሚያምር አንድ ሰው፣ ብርዱን የሚያስረሳ አረቄ። ምሳ ሳይደርስ ቤት ተሸጦ፣ ቀብድ ተቆጥሮ፣ ተመርቆ ያልቃል።

ጸሐፊውን ሳላደንቅ አላልፍም። «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ብሎ ሲዘጋው ዳኛ ይመስላል። ውሉን ያፈረሰ ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ለውል አክባሪ ይህን ያህል ብሎ ገደብም ያስቀምጣል። (መንግሥት ድርሻ እንዳለው እንኳ አልሰማም።) እኔን የሚገርመኝ ትሕትናው ነው። ያን የ1952 ሕግ ስምንት ቁጥር ወደ ኋላ ቢገልጠው 1723ን ያገኝ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ይሁን ይላል። ጸሐፊያችን ግን ጨዋ ነው፤ ያልተጠራበት ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ደግሞስ ያ የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ሄዶ ማን ይጨቃጨቃል? እዚያ ያለው ሰው ተጠራጣሪ ነው። መታወቂያችሁን ይላል። ዋናው ካርታ የታለ ይላል። ቤቱ ዕዳና እገዳ የለበትም? ሚስት ተስማምታለች? ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው ራሱ ተረጋግጦ ተመዝግቧል? ይህን ሁሉ ጠይቆም አያበቃም። ውሉን አንብባችሁ እኔ ፊት ፈርሙ፣ አንድ ቅጂ እዚህ ይቀራል ይላል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ወንድም አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ «ሽጥልኝ» ካለ ውክልና ተሰጠ ማለት ነው። ስፒከሩ ተከፍቶ ምስክሮቹ ሰምተዋላ! ሚስትማ ቡና ካፈላች ተስማምታለች።

ማኅተም አይወዱም ብሎ የሚያማን ካለ ግን በድሎናል። ቀበሌ ያለ ዘመድ ክቡን ማኅተም ግጭ ካደረገበት ያን ውል ማን ይነካዋል? ቀበሌው ቤት የማዋዋል ሥልጣን አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ ብቻ ነው።

የምንጠነቀቅበትንም እናውቃለን። ከ500 ብር በላይ ብድር በጽሑፍ ይሁን ነው የሚለው ሕጉ፤ ሰነድ ማረጋገጫ ውሰዱት አይልም። እኛ ግን ለአማቻችን አሥር ሺህ ብር ስናበድር ምስክር አስከትለን፣ ፎቶኮፒ አስነስተን፣ ማኅተም ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ እንዞራለን። አማች አይታመንማ። ቤቱን የሸጠልን ሰውዬ ግን ባናውቀውም ፊቱ ደስ ይላል፤ ካርታውንም ከፋሲካ በኋላ አመጣለሁ ብሏል።